ኮርኒሱ ሳይዘጋ

ባለፈው በጋ አንድ ወዳጄ ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ የሚያሠራውን ቤት እንዳይለት ወሰደኝ። ባለ አንድ ፎቅ ነው። ምድሩን ራሱ ሊኖርበት፣ ፎቁን ሊያከራየው አስቧል። ከጓሮ ደግሞ በአንድ መስመር የተደረደሩ ስድስት ሰርቪስ ክፍሎች አሉት። ስንደርስ የጂፕሰም ሠራተኞቹ የሳሎኑን ኮርኒስ ሰቅለው ለመብራት ቀዳዳ ይቆርጡ ነበር። ቀና ብዬ ቆጠርኩ። ሳሎኑ ላይ ብቻ ሃያ ሁለት ቀዳዳ ተቆርጧል።

«ከነዚህ ውስጥ ሁለቱን ለውኃ ብትተዋቸውስ?» አልኩት።

ቀልድ መስሎት ሳቀ። እኔ ግን ከልቤ ነበር። ሐዋሳ ውስጥ በየቀኑ አዲስ ቤት ይሠራል፤ በየቀኑም ኮርኒስ ይዘጋል። አንዴ የተዘጋ ኮርኒስ ደግሞ ሃያና ሠላሳ ዓመት የሚከፍተው የለም።

ይህን ያስጠየቀኝ ከሦስት ዓመት በፊት ሰፈሬ ውስጥ ያየሁት እሳት ነው። ከቤታችን ጀርባ ባለ ግቢ ውስጥ አራት ሆነው አንድ ክፍል የተከራዩ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች ነበሩ። አንዷ ማለዳ ሻይ ልታፈላ ስቶቭ እንደሰካች መብራት ጠፋ። የሰርቪስ መኪናው ሰዓት ደርሶባት ስለነበር ሳትነቅለው ወጣች። ረፋድ ላይ መብራቱ ተመለሰ። ስቶቩ ላይ ምን እንደወደቀበት ማንም አላየም፤ ፎጣ ይሁን ብርድ ልብስ፣ አሁንም አይታወቅም። ጭሱ ከነጭ ወደ ጥቁር ሲለወጥ ግን በዓይኔ አይቻለሁ። ስፖንጅ ፍራሹ መያዙ ነበር።

ውስጥ ሰው ነበረ። ከአራቱ አንዷ አሟት ከሥራ ቀርታ ተኝታለች። በሩን ከውስጥ ቀርቅራለች፤ የመስኮቱ ፍርግርግ ከግድግዳው ጋር የተበየደ ብረት ነው። ሌባ እንዳይገባ የተበየደው ብረት ልጅቱንም እንዳትወጣ ከለከላት። የጎረቤት ልጆች በሩን በአካፋና በትከሻ ሰብረው ጎትተው አወጧት። ሴቶቹ ከየቤቱ ጀሪካን እያመጡ ደፉ። የዕለቱ የውኃ ተራ የእኛ ሰፈር አልነበረምና የተደፋው ለምግብና ለመጠጥ የተቀመጠው ውኃ ነው። ልጅቱ ተረፈች። ለሳምንታት ግን ሌሊት ሌሊት ሳሏ ከግድግዳው ማዶ ይሰማኝ ነበር።

ጎረቤት «ኡኡ» ካለበት እስከ በሩ መሰበር ያለፈው ጊዜ አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። በአምስት ደቂቃ ደግሞ የትኛውም ከተማ የእሳት አደጋ መኪና ሁልጊዜ ሊደርስ አይችልም፤ ሠራተኞቹ የቱንም ያህል ቢተጉ። ይህን ልብ እንበል፤ ስለ ቤት እሳት ስናወራ ሁልጊዜ የምናወራው ስለ መኪናው ነውና። መኪናው ለምን ዘገየ፣ ለምን ውኃ ጨረሰ፣ መንገዱ ለምን ጠበበው እንላለን። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድ አገሩ ሁሉ የተነጋገረው ይህንኑ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ለገበያና ለመጋዘን የሚሠራው ስሌት ለመኝታ ቤት አይሠራም። ሰው የሚሞተው መኪናው ገና ከግቢው ሳይወጣ ነው፤ በአብዛኛውም የሚገድለው ነበልባሉ ሳይሆን ጭሱ ነው።

የድሮው ቤት እሳት ፋታ ይሰጥ ነበር። መደቡ ጭቃ፣ ፍራሹ ጭድ ወይም ጥጥ፣ ወንበሩ እንጨት ነው። ዛሬ አንድ የኪራይ ክፍል ውስጥ ያለውን እንቁጠር፤ ስፖንጅ ፍራሽ፣ ናይለን ብርድ ልብስ፣ የላስቲክ ምንጣፍ፣ የፕላስቲክ ቁም ሣጥን፣ በአንድ ዲቫይደር ላይ የተሰካኩ ስቶቭ፣ ቴሌቪዥንና ቻርጀር። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ ያንን በቀጭን ገመድ ከጎረቤት ክፍል ስበው የሚጋግሩ ብዙ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ በተደረገ አንድ የእሳት ሙከራ፣ በጥጥና በእንጨት ዕቃ የተሞላ ሳሎን ሙሉ በሙሉ ለመያያዝ ግማሽ ሰዓት ያህል ወሰደበት። ስፖንጅና ፕላስቲክ የበዛበት ሳሎን ግን አምስት ደቂቃ እንኳ አልሞላውም።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለምክር ነበር። የእሳቱ ነገር ግን ቃል በቃል እንደዚያው ነው። በመጀመሪያው ደቂቃ እሳትን ለመግታት ጥቂት ባልዲ ውኃ ይበቃል፤ በአሥረኛው ደቂቃ ቦቴውም አይበቃም። ስፕሪንክለር የሚሉት የውኃ መርጫ የተሠራው በዚህ እውነት ላይ ነው። ከኮርኒሱ በላይ ሁልጊዜ ውኃ የሞላ ቧንቧ ይዘረጋል። ከቧንቧው ወደ ክፍሉ ብቅ ያለው አፍ የሚዘጋው የጣት ጫፍ በምታህል ብልቃጥ ነው፤ ውስጧ ፈሳሽ አለ። ቀይዋ ብልቃጥ ሙቀቱ 68 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ፈሳሹ አብጦ ይሰብራታል፤ ውኃው ይወርዳል። ለመከፈት መብራት አይፈልግም፤ የሚነቃ ሰውም አይፈልግም።

የወዳጄ ባለቤት ቆማ ስትሰማ ቆይታ፣ «ጋሼ፣ ታዲያ ቡና ባፈላሁ ቁጥር ዝናብ ሊወርድብኝ ነው?» አለችኝ። ጥያቄዋ የሁላችን ነው። እጣን የማይጨስበት፣ ከሰል የማይቀጣጠልበት ቤት የለንም። መልሱ ግን አይወርድም ነው። መርጫው ጭስ አይቆጥርም፤ የሚያውቀው ሙቀት ብቻ ነው። የቡናና የእጣን ጭስ ኮርኒሱን 68 ዲግሪ አያደርሰውም። ፊልም ላይ እንደሚታየውም አንዱ ሲፈነዳ ሁሉም አብረው አይዘንቡም፤ የሚከፈተው እሳቱ ያለበት ራስ ብቻ ነው። በቀጥታ ከቆርቆሮ ሥር ላለ፣ በቀትር ፀሐይ ለሚግል ክፍል ደግሞ 79 ዲግሪ ላይ የምትሰበር ቢጫ ብልቃጥ አለች። ቀዝቃዛ አገር ያሉ ሰዎች ትልቁ ጭንቀታቸው በክረምት ቧንቧቸው ውስጥ ውኃው በረዶ ሆኖ እንዳይሰነጥቀው ነው። ሐዋሳ ላይ ይህ ጭንቀት የለብንም።

የዚህን ዕቃ ታሪክ ሳነብ ከሁሉ የከነከነኝ የተወለደበት ቦታ ነው። ሄንሪ ፓርመሊ የሚባል አሜሪካዊ የፒያኖ አምራች ፋብሪካውን ከእሳት ለመጠበቅ ብሎ እ.ኤ.አ. በ1874 የፈጠራ መብት አወጣበት። ከዚያ በኋላ ፍሬድሪክ ግሪኔል አሻሻለው፤ የተስፋፋውም በኒው ኢንግላንድ የጥጥ ፋብሪካዎች ውስጥ ነው። ያስፋፋው የኢንሹራንስ ሒሳብ ነበር፤ መርጫ ያስገባ ባለፋብሪካ የሚከፍለው አረቦን ይቀንስለታል። እንግዲህ ይህ ነገር መጀመሪያ የተሠራው ጥጥና ማሽን እንዳይቃጠል ነው። የሰው መኝታ ቤት ለመድረስ መቶ ዓመት ፈጀበት። አሜሪካ ውስጥ አሪዞና ያለችው ስኮትስዴል ከተማ አዲስ የሚሠራ መኖሪያ ቤት ሁሉ መርጫ እንዲኖረው ደንብ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው።

ወደ ሐዋሳ ልመልሰው። የኢንዱስትሪ ፓርካችን ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ለ60 ሺህ ሰው ሥራ ይፈጥራል ተብሎ ነበር። ደህና በነበረበት ጊዜ ከ30 ሺህ በላይ ሠርተውበታል፤ አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። ፓርኩ ሲታቀድ ሼዱ፣ መንገዱ፣ የፍሳሽ ማጣሪያው ታስቦበታል። ለሴቶቹ ማደሪያ ግን በቂ ነገር አልተሠራም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት 750 ብር ገደማ መነሻ ደመወዝ ይዘው ቤት ፍለጋ ወደ ከተማው ወጡ። ሦስትም አራትም ሆነው አንድ ክፍል ያዙ። ባለግቢው ሁሉ ፍላጎቱን አይቶ በጓሮው ክፍል ደረደረ። ጨርቁ ቀን የሚውልበትን ቤት ከእሳት ለመጠበቅ ዓለም መቶ ሃምሳ ዓመት ተጨንቆበታል፤ ጨርቁን የምትሰፋው ልጅ ሌሊት የምታድርበትን ክፍል ግን የጠየቀላት የለም። እኔ ይህ ያመኛል።

«ባለቤቱ ራሱ ይጠንቀቅ፣ ሕግ ምን ያደርጋል?» ለሚለኝ ሰው መልሴ እዚሁ ላይ ነው። የሚሠራውና የሚተኛበት አንድ ሰው አይደሉም። ሰው ለራሱ ቤት ሲሠራ ቢያንስ በልጆቹ ይፈራል። ለኪራይ ሲሠራ ግን ቧንቧው ወጪ ነው፤ ጥቅሙ ለማያውቃት ተከራይ ነው። ተከራይዋም ክፍል ስትመርጥ ኪራዩን፣ ውኃውን፣ ሽንት ቤቱን ትጠይቃለች እንጂ ኮርኒሱ ውስጥ ምን እንዳለ ልትጠይቅ አትችልም። በመካከላቸው ሊቆምላት የሚችለው ሕግ ብቻ ነው። ባንክ እንኳ ለቤት ሲያበድር ቤቱ የእሳት መድን እንዲገባለት ያስገድዳል፤ ገንዘቡን ይጠብቃላ። ግድግዳው ቢነድ ባንኩ ይካሳል፣ ባለቤቱም መልሶ ይሠራል።

ሕጋችንስ? በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፈለ። በዚያ አዋጅ ፎቅ የሌለው መኖሪያ ቤት «ሀ» ነበር። ለሕዝብ አገልግሎት የሚውሉት፣ ፋብሪካዎችና ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝሙት «ሐ» ነበሩ፤ ጠንካራው ቁጥጥርም ወደነሱ ያዘነብል ነበር። ለመዋቅር ጥንካሬ ይህ አከፋፈል ትክክል ነው፤ ረጅም ሕንፃ ቢወድቅ ብዙ ሰው ይጎዳል። እሳት ግን በቁመት አይለካም። ስድስት ክፍል ውስጥ ሃያ ሰው የሚያድርበት የጓሮ ሰርቪስ በዚያ አዋጅ ወረቀት ላይ ከሁሉ ቀላሉ ምድብ ነበር። ያውም ፈቃድ ከወጣበት።

ሌላው ዓለም ይህን የተማረው በሬሳ ነው። ለንደን የነበረው ግሬንፌል ታወር ባለ 24 ፎቅ የተከራዮች ሕንፃ ሲሆን ከነዋሪዎቹ መካከል የኢትዮጵያና የኤርትራ ተወላጆች ነበሩበት። ሰኔ 7 ቀን 2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2017) ሌሊት አንድ ወጥ ቤት ውስጥ ከማቀዝቀዣ የተነሳ እሳት 72 ሰው ጨረሰ፤ ከሞቱት የእኛም ወገኖች ነበሩ። ዋናው ጥፋት ሕንፃውን ከውጭ ያለበሱበት ተቀጣጣይ ልባስ ነው፤ ይህን መሸፈን አይገባም። ነገር ግን ሕንፃው ውስጥ አንድም የውኃ መርጫ አልነበረም፤ እሳቱም መጀመሪያ የአንድ ወጥ ቤት እሳት ነበር። እንግሊዝ ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2020፣ መርጫ ግዴታ የሚሆንበትን የአፓርታማ ቁመት ከ30 ሜትር ወደ 11 ሜትር አወረደች።

ጎረቤቷ ዌልስ ግን ሬሳ አልጠበቀችም። አን ጆንስ የሚባሉ የምክር ቤት አባል፣ ፖለቲካ ከመግባታቸው በፊት የእሳት አደጋ ጥሪ መቀበያ ውስጥ ረጅም ዓመት የሠሩ ሴት፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ሕጉን አስጸደቁ። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ዌልስ ውስጥ የሚሠራ አዲስ መኖሪያ ቤት ሁሉ መርጫ አለው፤ ባለ አንድ ክፍሉም ጭምር። ስልኩን ያነሳ ሰው ነው ሕጉን የጻፈው። የአሜሪካው ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር መዝገብ ደግሞ መርጫ ባላቸው ቤቶች በእሳት የሚሞተው ሰው፣ ከእሳቱ ብዛት አንጻር፣ መርጫ ከሌላቸው ከ80 በመቶ በላይ እንደሚያንስ ያሳያል።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ፤ ውኃ። ከተማችን 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ሐይቅ ዳር ተቀምጣ ቧንቧዋ በተራ ነው የሚመጣው። በፈረቃ በሚመጣ ውኃ መርጫ ይሠራል ብዬ ብናገር ውሸት ይሆናል። ግን ከመስመሩ መጠበቅ የለበትም። ለመኖሪያ ቤት የተሠራ መርጫ አንዱ በደቂቃ 50 ሊትር ያህል ያፈሳል። ሁለት ቢከፈቱና አሥር ደቂቃ ቢሠሩ ድምሩ 1,000 ሊትር ነው። ይህ አንድ ትንሽ ሮቶ ማለት ነው። በሐዋሳ አዲስ ቤት ሁሉ ጣሪያ ላይ ሮቶ አለ፤ አንዳንዱ ሁለትና ሦስት ሰቅሏል። ዘዴው ለቤት የሚወርደውን ቧንቧ ከሮቶው ታች ሳይሆን ከመሃሉ ማውጣት ነው። ያኔ ላይኛው ለልብስና ለምግብ ይሆናል፤ ታችኛው ሺህ ሊትር ግን ሰው ሊጨርሰው ቢፈልግ እንኳ አይወጣም፤ እሳቱን ብቻ ይጠብቃል።

ግፊቱም አለ። መርጫው አፍ ላይ ቢያንስ የአምስት ሜትር ከፍታ ያለው ውኃ የሚሰጠው ግፊት ያስፈልጋል። ከፎቁ ጣሪያ በላይ የተሰቀለ ሮቶ፣ ቧንቧው ሰፋ ካለ፣ ምድር ላይ ላሉት ሰርቪስ ክፍሎች ሊበቃ ይችላል፤ ስሌቱን መሐንዲስ ይሥራው። ለራሱ ለፎቁ ግን አይበቃም፤ ፓምፕ ይፈልጋል። ፓምፑም መብራት ሲጠፋ የሚያስነሳው ጄኔሬተር ወይም ባትሪ ይኑረው። በዚህ ላይ ራሴን አላታልልም፤ ወጪ ነው። ብልቃጥዋም መርጫውም ከውጭ የሚገቡ ናቸው፤ በዶላር። ኪራይ ላይ ይጨመራል የሚለውም ስጋት እውነት አለው፤ አራት ሆነው የሚከፍሉትን አምስት ሆነው እንዲከፍሉ የሚያደርግ ሕግ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያይላል።

ስለዚህ ሁሉም ቤት ነገ ይግባበት አልልም። ጎጆ ለሚቀልሱ ሙሽሮች፣ ለራሳቸው ሁለት ክፍል ለሚያቆሙ ጡረተኞች ግዴታው አይድረስባቸው። ብዙ ሰው በሚያድርበት ይጀመር። አራት ክፍልና ከዚያ በላይ ለኪራይ የሚደረድር አዲስ ግቢ፣ አዲስ አፓርታማ፣ አዲስ የማኅበር ቤት፣ የተማሪና የሠራተኛ ማደሪያ፤ እነዚህ መርጫ ሳይኖራቸው የግንባታ ፈቃድ አይሰጣቸው፣ ኮርኒሳቸው ከመዘጋቱ በፊትም ተቆጣጣሪ መጥቶ ቧንቧውን ይይ። ላስገባው ከተማው በፈቃድ ክፍያ ወይም በግብር ይራራለት፤ የኢንሹራንስ ኩባንያዎቻችንም የኒው ኢንግላንዶቹ ያደረጉትን ያድርጉ፣ አረቦኑን ይቀንሱ። በቀሩት ቤቶች ላይ ደግሞ ምንም ያህል የማያስወጣውን እንጠይቅ፤ ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት አንድ የመስኮት ፍርግርግ፣ አንድ የጭስ ማስጠንቀቂያ፣ ለምጣድ የተለየ ወፍራም መስመር ከነብሬከሩ።

ይህን ሐዋሳ ልትጀምረው ትችላለች ብዬ አምናለሁ። ዕድሜዋ ከስድሳ ዓመት ብዙም ያላለፈ፣ ጎዳናዎቿ ገና ከመነሻው በፕላን ሰፋ ብለው የተቀየሱ ከተማ ናት። በ1999ኙ ቆጠራ 157 ሺህ ገደማ ነዋሪ ነበራት፤ ዛሬ ያ ቁጥር ስንት እጥፍ እንደሆነ መንገድ ላይ የሚወጣ ሁሉ ያያል። ነገ የምትሠራው ከተማ እስከ ዛሬ ከተሠራችው ትበልጣለች። ያረጀውን መጠገን ውድ ነው፤ ገና ያልተሠራውን ማዘዝ ግን የአንድ መመሪያ ጉዳይ ነው። የከተማው ምክር ቤት አባላት፣ የግንባታ ፈቃድ የምትሰጡ መሐንዲሶች፣ የክልሉ የከተማ ልማት ኃላፊዎች፤ በዚህ ዓመት የሚወጣው ፈቃድ ላይ ይህ አንድ መስመር ይጨመርበት። ለዓመት አታሳድሩት፤ በዚያ መካከል የሚዘጋው ኮርኒስ ብዙ ነው።

ወዳጄ ቤቱን ጨርሶ ገብቷል። አንድ ነገር ግን ሰምቶኛል። የስድስቱን ሰርቪስ መስኮቶች ፍርግርግ አስቆርጦ ማጠፊያ አስገጠመላቸው፤ ከውስጥ ይከፈታሉ። ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ባለፈው እሑድ ልጠይቀው ሄጄ ነበር። የሳሎኑ ሃያ ሁለት መብራቶች በርተዋል። ከጓሮ ስድስቱም ክፍሎች ተከራይተዋል፤ አሥራ ሰባት ልጆች ያድሩባቸዋል። በአንዳቸውም ኮርኒስ ውስጥ ውኃ የለም።